«ቤዝ የለውም» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት፦ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ጎማ፣ ልክና ድምፅ

ሽቦ_ፈታሽ

«ይሄ ኢርፎን ቤዝ የለውም፣ የትኛውን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ሳይነሳ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ከአስሩ ጠያቂ ለአብዛኛው መልሱ «ምንም አትግዛ፣ ጎማውን (ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ለስላሳ ጫፍ) ቀይር» ነው። በየጊዜው ከመደጋገም አንድ ቦታ ይቀመጥ ብዬ ነው።

ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ድራይቨሩ (ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ትንሽ ነው። ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) የሚያሰማው በጎማውና በጆሮ ታምቡር መካከል የታፈነችውን ጥቂት አየር እየገፋና እየሳበ ነው። አየሩ ማምለጫ ካገኘ ግፊቱ ይባክናል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ከሁሉ ዝቅ ያለው ድምፅ ነው። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ጉዳቱ ወደ ላይ እየወጣ እስከ 200 ሄርዝና ከዚያም በላይ ይደርሳል (የሄርዝ ቁጥር ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የሚሰማው ቀጭን፣ የሚጮህና ጆሮ የሚወጋ ነገር ይሆናል። ሰው «ትሬብሉ በዛ» ይላል እንጂ ቤዙ እንደጎደለ አይጠረጥርም።

መፈተሻው ቀላል ነው። ስልክ ላይ የድምፅ ሞገድ የሚያመነጭ ማንኛውንም ነፃ አፕ ጫኑ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ 50 ሄርዝ ክፈቱ። አንዱን ጆሮ ብቻ አድርጉና ኢርፎኑን በጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ደገፍ አድርጉት። ቤዙ ድንገት ወፈር ካለ፣ ሳትጫኑት ያፈስ ነበር ማለት ነው። ካልተለወጠ ዘግቷል። ከዚያ ሌላውን ጆሮ። 50 ሄርዝ በተፈጥሮው ለጆሯችን ደከም ብሎ ስለሚሰማ፣ መጠኑን ሳይሆን ለውጡን አዳምጡ።

አደራረጉም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የጆሮ ቱቦ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ይታጠፋል። ቀኝ ጆሮ ላይ ስታደርጉ ግራ እጃችሁን በጭንቅላታችሁ ላይ አዙራችሁ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡት፤ ቱቦው ይቃናል። አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጉ፣ ኢርፎኑን ትንሽ እያዞራችሁ አስገቡ፣ ከዚያ ጆሮውን ልቀቁት። ስታወጡም ዞር እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ። መንጭቆ ማውጣት ታምቡሩ ላይ የመምጠጥ ግፊት ይፈጥራል፤ ያማል፣ ድራይቨሩንም አይጠቅመውም።

ቃልዬ_ጉለሌ

በጣም ጥሩ። ግን መካከለኛው ጎማ ከግራ ጆሮ እየሾለከ ይወጣል፣ ትልቁ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያማል። በመካከል ምን አለ?

ሽቦ_ፈታሽ

ቃልዬ፣ ቀኙ በመካከለኛው ደህና ከሆነ እዚያው ተይው። የሁለቱ ጆሮ ቱቦ ስፋት እኩል አለመሆን የተለመደ ነው፤ አንዱ መካከለኛ ሌላው ትልቅ መሆን ይችላል፣ ማንም አያይብሽም። በሁለቱ መካከል የሚውል ልክም አለ። ከዕቃው ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጡት ሦስት መጠኖች ብቻ ናቸው፤ ለብቻው የሚሸጥ ጎማ ግን በአምስትና በስድስት መጠን ይገኛል፣ በየመጠኑ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም፣ አንዳንዴ ግማሽ ነው።

ትልቁ ሁልጊዜ የተሻለ ይዘጋል ማለትም አይደለም። በጣም የተለቀው ጎማ ቱቦው ውስጥ ይታጠፍና በእጥፋቱ በኩል ያፈሳል። ካወጣሽው በኋላ ጠርዙን ተመልከቺ፤ የተጨማደደ ወይም አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከሆነ ትልቅ ነው።

የጥገና_ጠረጴዛ

እዚህ ላይ ልጨምር። «ያማል» ከማለት በፊት የት እንደሚያም መለየት ይጠቅማል፣ መድኃኒቱ የተለያየ ነውና።

ቱቦው ውስጥ ዙሪያውን የሚጨመድድ ሕመም ጎማው ትልቅ ወይም ደረቅ ነው ማለት ነው፤ አነስ ወይም ለስለስ ያለ ይሞከር። ቱቦው ውስጥ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ ከሆነ ጎማው ሳይሆን የኢርፎኑ ጠንካራ አፍ (ጎማው የሚሰካበት ቱቦ) ቆዳ እየነካ ነው። ጎማው አጭር ሆኖ አፉን አልሸፈነውም ወይም አገባቡ ጠማማ ነው። ከቱቦው ውጭ፣ በጆሮ ጎድጓዳው ላይ የሚያም ከሆነ ግን የኢርፎኑ አካል ራሱ ለዚያ ጆሮ ትልቅ ነው፤ ምንም ጎማ አያድነውም። በዚህ ጊዜ ብቻ ነው «ሌላ ግዙ» የምለው። ማሳከክና መቅላት ደግሞ የልክ ጉዳይ አይደለም፤ ቆሻሻ፣ እርጥበት ወይም ቆዳው ዕቃውን አለመቀበል ነው። ፈሳሽ ወይም ሽታ ካለው ኢርፎኑን አቁሞ ሐኪም ማየት ነው።

ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት የኢርፎኑን አፍ ስፋት እወቁ። ሹርና ኤቲሞቲክ የሚባሉት ኢርፎኖች 3 ሚሊሜትር አካባቢ ቀጭን አፍ አላቸው፤ ኬዚን የመሳሰሉት የቻይና ዕቃዎች ከ5 እስከ 6 ይሆናሉ። ለ5 ሚሊሜትር የተሠራ ጎማ 3 ሚሊሜትር ላይ ብታደርጉት ኢርፎኑን ስታወጡ ጎማው ጆሮ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ በክብሪት እንጨትም በወረንጦም አትቆፍሩ፣ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ጠርዙ በጣት የማይያዝ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የደቂቃ ሥራ ነው።

ስፖንጅ_ይሻላል

ለምን ስፖንጁ (ከስፖንጅ የተሠራው ጎማ) አልተነሳም? በተለመደው ሲሊኮን ላይ መጠን እየቀያየሩ ከመድከም አንድ ጥንድ ስፖንጅ ጉዳዩን ይጨርሳል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተንከባልሎ ቀጭን ይሆናል፣ ይገባል፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በጣት ደግፎ መያዝ፣ በራሱ ያብጥና የቱቦውን ቅርጽ ይይዛል። የውጭ ጫጫታም ከሲሊኮን የተሻለ ይቆርጣል። ታክሲ ውስጥ ለሚያዳምጥ ሌላ አማራጭ የለም።

ሽቦ_ፈታሽ

«ጉዳዩን ይጨርሳል» የሚለው ላይ አልስማማም። ስፖንጅ ከላይ ያለውን ትሬብል በትንሹ ይውጣል፤ ለሚወጋ ኢርፎን በረከት ነው፣ ከመጀመሪያውም ደብዘዝ ላለው ግን ይብስበታል። በየቀኑ የሚጠቀም ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ መቀየር አለበት፣ ላብና ቅባት ይጠጣልና። ሲሊኮን በለብታ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ዓመት ይሄዳል። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የሽቦ አልባዎቹ ቻርጅ ኬዝ ብዙ ጊዜ ወፍራም ስፖንጅ አድርጎ አይዘጋም። ወይም ተዘግቶም ኢርፎኑ የቻርጅ መርፌዎቹን በደንብ ስለማይነካ አንዱ ጆሮ ሳይሞላ ያድራል። ለኬዝ የሚሆን አጭር ስፖንጅ ለብቻው አለ።

ስፖንጅ_ይሻላል

የኬዙ ነገር እውነት ነው። የትሬብሉን ግን ታጋንነዋለህ። ብዙው ሰው ስፖንጁን ሳያንከባልል ይሰካዋል፣ ግማሽ ገብቶ ይቆማል፣ አፉ ከስፖንጁ ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ የሚደበዝዘው ለዚያ ነው። በትክክል የገባ ስፖንጅ የሚቀንሰው በጣም ጥቂት ነው።

ሰሚራ_ዶሃ

ሰላም ለሁላችሁ። ሒጃብ፣ ሻሽ ወይም ነጠላ አጥብቆ ለሚያስር ሰው ምክር አላችሁ? ጨርቁ ኢርፎኑን እየገፋ ከሰዓት በኋላ ጆሮ ይደክማል፤ የሚነካውን የሽቦ አልባ ቁልፍ ደግሞ ጨርቁ ራሱ እየነካ ዘፈን ይቀያይራል።

የጥገና_ጠረጴዛ

እህት ሰሚራ፣ ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ወደ ውጭ የማይወጣ ጠፍጣፋ አካል ያለውና ሽቦው በጆሮ ጀርባ የሚዞር ዓይነት ምረጪ። ጨርቁ በላዩ ሲያልፍ የሚገፋው ጉብታ አያገኝም። እንደ ዘንግ ወደ ውጭ የሚቆመው ዓይነት በሻሽ ሥር ማንሻ ሆኖ ጎማውን በአንድ ጎን ይጫነዋል፤ ሕመሙ ከዚያ ነው። ሁለተኛ፣ የንክኪ ቁልፉን ከአፑ ውስጥ አጥፊው። አብዛኞቹ አፖች ይፈቅዳሉ፤ ኤርፖድስ ፕሮ ግንዱን በመቆንጠጥ የሚሠራ ስለሆነ ይህ ችግር ይቀልለታል። ሦስተኛ፣ ኢርፎኑ ከገባና መዝጋቱ ከተፈተሸ በኋላ ጨርቁን እሰሪ፣ በተቃራኒው አይደለም። ከታሰረ በኋላ በሥሩ እየዳበሱ ማስገባት ሁልጊዜ ጠማማ አገባብ ነው የሚያመጣው።

የጥሪ ማይክም በጨርቅ ስለሚሸፈን ድምፅሽ ለሌላው ሰው ታፍኖ ይሰማል። ለብዙ ጥሪ ማይኩ ሽቦ ላይ አንገት አካባቢ የሆነ ዕቃ ይሻላል።

ባለክራር

የምናወራው ስለ ድምፅ ከሆነ፣ በምን እንፈትሽ የሚለውም ይነሳ። የሚመከረው ሁሉ የውጭ ዘፈን ነው። ቤታችን ውስጥ ከበገና የተሻለ መፈተሻ የለም። የበገና አውታር ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ይገባበታል፤ ያ የሚርገበገብ እዝዝታ የሚመጣው ከእሱ ነው። ስለዚህ አንዲት አውታር ስትመታ ሁለት ነገር አብሮ ይወጣል፦ ከታች ወፍራሙ መሠረት፣ ከላይ ደግሞ ብዙ ከፍተኛ ሞገድ የያዘው እዝዝታ። ጎማው ሲያፈስ መሠረቱ ይጠፋና እዝዝታው ብቻውን ይቀራል፤ በገናው ትንኝ ይመስላል። በደንብ ሲዘጋ ሁለቱ ተያይዘው አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ቤዙ የተጋነነ ኢርፎን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ደረት የሚሞላ ጉርምርምታ ይሆንና የአንዱ አውታር መጨረሻ ከሚቀጥለው መጀመሪያ አይለይም።

መሰንቆ ለሌላ ነገር ይጠቅማል። የፈረስ ጭራው ጭራ ላይ ሲፋተግ ያለው ሸካራነት የሚሰማበት ቦታ የመካከለኛውና የትሬብል መጋጠሚያ ነው፤ እዚያ ጉብታ ያለው ኢርፎን መሰንቆን ከሁለት ደቂቃ በላይ አያስደምጥም።

ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን ግን ለዚህ አይሆንም። ሹክሹክታውም የቤዙ መጉደልም ከቅጂው ነው። በእሱ ኢርፎን መገምገም በቆሸሸ መነጽር መንገድ መውቀስ ነው።

ሞገድ

ባለክራር የትሬብሉን ጉብታ ካነሳ፣ ስለ ጥልቀትም መናገር ያስፈልጋል። ክፍት የሆነ የጆሮ ቱቦ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ በተፈጥሮው 3 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ያጎላል። ኢርፎን ሲደፍነው ያ ይቀየርና በጎማውና በታምቡሩ መካከል ያለው ቀሪ ርቀት የራሱን ጉብታ ይፈጥራል፤ በተለመደ አገባብ 8 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ነው። በጥልቀት ባስገባችሁት ቁጥር ርቀቱ ስለሚያጥር ጉብታው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ወደ ውጭ ባወጣችሁት ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል። «ሰ» እና «ሸ» የሚያፏጩበት ሰው ኢኳላይዘር (ቤዝና ትሬብል መጨመሪያና መቀነሻውን) ከመንካቱ በፊት አንድ ቁጥር ያነሰ ጎማ አድርጎ 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ጠለቅ ያድርገው። ፉጨቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ኢንተርኔት ላይ የሌላ ሰው የለቀቀውን የኢኳላይዘር ቁጥር ወስዶ 8 ኪሎ ሄርዝ ላይ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) መቁረጥ የማይረባው ለዚህ ነው። የእሱ ጉብታ የእናንተ ቦታ ላይ አይደለም። የራሳችሁን ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሄርዝ ሞገዱን በዝቅተኛ ድምፅ ቀስ እያላችሁ አሳልፉ፤ ድንገት የሚወጋበትን ቁጥር ያዙና እሱ ላይ ጠባብ ቅነሳ፣ 3 ወይም 4 ዴሲቤል። ቤዝ ላይ ኢኳላይዘር መጨመር የሚፈቀደው ግን ጎማው መዝጋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። በሚያፈስ ጎማ ላይ ቤዝ መጨመር ድራይቨሩን ያስጨንቃል፣ የሚገኘው ጥቅም ደግሞ በክፍተቱ ይወጣል።

ወረዳ_9

ጥያቄ፦ የቀኙ ጆሮ ከግራው በጣም ቀንሷል። ጎማ ቀያይሬ አልተሻለም። ተቃጠለ ማለት ነው?

የጥገና_ጠረጴዛ

አይደለም፣ በአብዛኛው ኩክ ነው። መጀመሪያ ኢርፎኖቹን አገላብጥ፤ የቀኙን ግራ ጆሮ ላይ አድርግ። ድክመቱ ከኢርፎኑ ጋር ከሄደ ችግሩ ኢርፎኑ ነው፤ ቀኝ ጆሮህ ላይ ከቀረ ጆሮህ ነው፣ ኩክ ሞልቶት ሊሆን ይችላል፣ እሱን ባለሙያ ያውጣው።

ኢርፎኑ ከሆነ ጎማውን አውጥተህ አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት በስልክ መብራት እያት። ቢጫ ወይም የሚያብረቀርቅ ሽፋን ካለባት አግኝተኸዋል። ስታጸዳ አፉ ወደ መሬት ይመልከት፤ ይህን አትርሳ። ወደ ላይ አድርገህ ብትቦርሽ ኩኩን ራስህ ወደ ውስጥ ትከተዋለህ። ለስላሳ ደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የተጣበቀ ከሆነ ፖስተር መለጠፊያውን ሰማያዊ ማስቲሽ እያሳረፍክ እያነሳህ ጎትተው። መርፌ አታስገባ፣ ወንፊቷ ትቀደዳለች። አልኮል ካስፈለገ ብሩሹን በጥቂቱ ነክረህ አራግፈህ፣ ጠብታ በቀጥታ አታፍስ፤ ወንፊቷ የተለጠፈችበትን ሙጫ ይፈታል፣ ወደ ድራይቨሩም ይወርዳል። ከዚያ አፉን ወደ ታች እንዳደረግክ ለጥቂት ሰዓት ይድረቅ። በአፍ እፍ ማለት ክልክል ነው፣ እርጥበት ነው የምታስገባው።

ካጸዳኸውም ካልተመለሰ ወንፊቷ ራሷ ተለጣፊ ሆና ለብቻዋ ትሸጣለች፣ የአፉን ስፋት ለክተህ ተመሳሳዩን ግዛ። ያለ ወንፊት መጠቀም ግን የኢርፎኑን ዕድሜ ያሳጥራል።

ቃልዬ_ጉለሌ

ሳስገባው ኮሽ የሚል፣ ላስቲክ ሲታጠፍ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ይሰበራል?

ሽቦ_ፈታሽ

አይሰበርም። ጎማው ሲዘጋ አየሩ ይጨመቅና የድራይቨሩን ስስ ሽፋን ያጣጥፈዋል፤ የሚሰማው እሱ ነው። አካሉ ላይ መርፌ የምታህል የአየር ቀዳዳ አለች፤ በጣትሽ ሸፍነሽ አታስገቢው፣ ቀስ ብለሽ እያዞርሽ አስገቢ። ካስገባሽ በኋላ ድምፁ ከደከመ ጆሮሽን ወደ ኋላ ሳብ አድርገሽ ግፊቱን አስተንፍሺው።

ናቲ_ድምፅ

ጎማ ላይ የሚላከኩ ግን የጎማ ያልሆኑ ሁለት ችግሮች አሉ።

ሽቦው የሚነቀል ባለሁለት መርፌ (0.78 ሚሊሜትር) ኢርፎን ላይ አንዱን ጎን ገልብጦ መሰካት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ላይ የሚከለክል ጎድጎድ የለም። ያኔ አንዱ ጆሮ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ቤዙ ይጠፋል፣ የዘፋኙ ድምፅ መሐል መሆኑ ቀርቶ የት እንዳለ አይታወቅም። የስልኩን የሞኖ ማድረጊያ (ለሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚልከውን) አብሩ፤ ድምፁ ጭንቅላት መሐል ካልተሰበሰበ አንዱን ጎን ነቅላችሁ አዙራችሁ ስኩት።

ሌላው፣ ሙዚቃው አለ ዘፋኙ የለም የሚባለው። ይህ ከጃክ (ስልኩ ላይ ከሚሰካው የሽቦው ጫፍ) ነው። የጋራው መሬት ሽቦ (ለሁለቱም ጆሮ የሚያገለግለው መመለሻ) አልነካም፤ ስለዚህ በሁለቱ ጆሮ እኩል የተቀዳው ነገር ተጣፍቶ ልዩነቱ ብቻ ይሰማል። እኩል የሚቀዳው ደግሞ ዘፋኙ ነው። ጃኩ እስከ መጨረሻው አልገባም፣ ወይም የስልኩ ጉድጓድ ውስጥ የኪስ ብናኝ ታጭቋል፣ ወይም የማይክና የመሬት ቀለበት የተቀያየረበት የድሮ አሠራር ነው። ማይኩ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ ዘፋኙ ከተመለሰ የመጨረሻው ነው፤ አስማሚ ያስፈልገዋል።

ወረዳ_9

ወንፊቷ ነበረች፣ ተመልሷል። አመሰግናለሁ። ሌላው ደግሞ በብሉቱዝ ላፕቶፕ ላይ ስብሰባ ስገባ ድምፁ እንደ ድሮ ስልክ ይሆናል። ከስብሰባው ስወጣ ይስተካከላል።

ሞገድ

የኢርፎኑ ማይክ ሲከፈት ብሉቱዝ ከሙዚቃ ወደ ጥሪ ዘዴ ይቀየራል። ስቴሪዮው ሞኖ ይሆናል፣ ከ8 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቆረጣል፤ በድሮው የጥሪ አሠራር ደግሞ ከ4 በላይ። የስብሰባው አፕ ቅንብር ውስጥ ገብተህ ማይክ የሚለው ላይ የላፕቶፑን ምረጥ፣ ድምፅ ማውጫውን የኢርፎኑን ተው። ጨርሰሃል።

ስለ ብሉቱዝ ካነሳን፦ ኤልዳክ (አንድ ኮዴክ፣ ማለትም ድምፅ ተጨምቆ በብሉቱዝ የሚላክበት ዘዴ) ያለው ኢርፎን ከአይፎን ጋር በኤልዳክ አይሠራም፣ በሌላው ኮዴክ በኤኤሲ ነው። አንድሮይድ ላይ ኤልዳክ በሴኮንድ 330፣ 660 ወይም 990 ኪሎቢት ይሠራል፤ ሰው በበዛበት ቦታ 990 ላይ ቸክለው «ይቆራረጣል» የሚሉ አሉ፤ ወደ ራስ ሰር መልሱት። በሚያፈስ ጎማ ላይ ስለ ኮዴክ መከራከር ግን ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሰሚራ_ዶሃ

ሌሊት ተረኛ ሆኖ ስምንት ሰዓት ለሚያደርግ ሰው ድምፁ ስንት ላይ ይሁን? ስልኩ መቶኛ ነው የሚያሳየው።

የጥገና_ጠረጴዛ

መቶኛው ምንም አይነግርም፣ 60 በመቶ በአንዱ ኢርፎን ሹክሹክታ በሌላው ጩኸት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል፣ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 90 ላይ 4 ሰዓት ብቻ። አይፎን የጤና አፕ ላይ የኢርፎን ዴሲቤል ይመዘግባል፤ በተለይ ለራሱና ለቢትስ ኢርፎኖች ልኩ አስተማማኝ ነው፣ ለሌላው ግምት ነው። መለኪያ ከሌለሽ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ደስ የሚልሽ ላይ አቁሚውና ሥራ ቦታ ስትደርሺ ከዚያ አትጨምሪ። ለመጨመር ከተገደድሽ ጫጫታ እየገባ ነው፤ ወደ ስፖንጅ ወይም ተለቅ ወዳለ ጎማ ሂጂ እንጂ ወደ ቮልዩሙ አይደለም። ስምንት ሰዓት በአንድ ወጥ አይሁን፣ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ አውጥተሽ ቱቦው አየር ያግኝ፤ ገላ ታጥበሽ ጆሮሽ ሳይደርቅም አታድርጊው።

ስፖንጅ_ይሻላል

ለሰሚራ አንድ ልጨምር። ስፖንጅ ከመረጥሽ አልኮል አይንካው፣ ይደርቅና መለጠጡን ያጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ ሌሊቱን አድርቂው። ተንከባልሎ ተመልሶ ለማበጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ወይም ጭራሽ ካላበጠ አልቋል፣ ሌላ ጥንድ አውጪ።